እትዬ እምቢና የሴቲንግ ፋይሏ

እትዬ እምቢ ዕድሜዋን የፈጀችው ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው ረቂቅ በመተየብ ነው። ስሙን ያወጣላት ኃላፊው ነው፤ ወደ ስልክ መቀበያው ወንበር ሊያዛውራት በሞከረ ቁጥር የሚሰማው መልስ ያው አንድ ነዋ። ዘንድሮ ግን ሰበብ አገኘ። አዲስ የጽሑፍ ፕሮግራም ገባ፤ የእሷ ዐይን ደግሞ ደክሟል፤ በር የቀጠቀጠው የግራ ትንሹ ጣቷም አይታጠፍም። ፕሮግራሙ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚታዘዘው በዚያው ጣት በምትጫነው፣ ጥግ ላይ በተወሸቀችው የኮንትሮል ቁልፍ ነው።

«እስከ አርብ ካልለመዱት ስልክ ያነሳሉ» ብሎ ቁርጡን ነገራት።

የኮምፒውተር ባለሙያው ደግ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ፕሮግራሙ ጠባዩን የሚያወጣው ከአንድ የሴቲንግ ፋይል ነው። የኔን ይገልብጡት» ብሎ አትሞ ሰጣት። መገልበጥማ ሥራዋ ነው፤ አንዲት ነጥብ ሳታዛንፍ ገለበጠችው። ፕሮግራሙን ከፍታ ስታየው ፊደሉ እንደ ቁንጫ ደቋል፤ ቁልፎቹም በልጁ ጣቶች ልክ ተሰፍተዋል። የሰው ዐይንና የሰው እጅ ገልብጣ ቁጭ! ደሟ ፈላ። ሙልጭ አድርጋ ሰረዘችው።

«እንዴ እትዬ፣ ከባዶ ሊጀምሩ ነው?»

«የሰው መገልበጥ በቃኝ። የፊደል መጠን እንዴት ነው የሚታዘዘው? እሱን ብቻ ንገረኝና ወደ ሥራህ ሂድ።»

አንድ መስመር ጻፈች፤ ዘጋች፤ ከፈተች። ፊደሉ ገዘፈ። ሁለተኛው መስመር ግን አሻፈረኝ አለ፤ ፕሮግራሙ በቀይ ጽሑፍ ጮኸባት። እሷም አልተኛችለትም። መመሪያውን እያገላበጠች፣ እያጠፋች እንደገና ስትጽፍ ከርማ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የኮንትሮልን ሥራ አውራ ጣቷ ሥር ላለችው ቁልፍ አስረከበችው። እንደ ልጅ ደስ አላት።

አርብ ኃላፊው መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«ይሄ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው እንዴ? ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ይሁን ብዬ አልነበር?»

«ጣቶቻችን አንድ ዓይነት ሲሆኑ እንነጋገራለን» አለችው፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ። የቀኑን ገጾችም ገፋችለት።

እንከን ፍለጋ አገላበጣቸው፤ አጣ። «መልካም፤ ለጊዜው እዚሁ ይቆዩ» ብሎ ወጣ።

«ለጊዜው» ያላት አንገበገባት። ፋይሏን መልሳ ከፈተች። ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ መስመር እንዳለ ባለሙያው ነግሯት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከተየበችው ሁሉ ውስጥ አንድም የራሷ ቃል የለም። ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ይህ ፋይል የእኔ ነው። ወንበሩም።»