ከግቢያችን የወረደው ውሃ

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ አለቱ ጫፍ ላይ ነበር። አባቴ ግንበኛ ነበርና እናቴን ባገባ በሁለተኛው ዓመት ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤት በቀይ ድንጋይና በጭቃ ራሱ ገነባላት። ከታች ከብቶቹ ያድራሉ፣ ከላይ እኛ። እናቴ ሰባት ልጆች የወለደችው እዚያ ደርብ ላይ ነው። ከሰባቱ አራቱን ቀብራለች።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ በጋ ከአዲስ አበባ የቅርስ ባለሙያ ወደ ላሊበላ መጣ። ከአንድ አለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ነበር፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ባለሙያው ካህናቱንና የቀበሌውን ሰው ሰብስቦ፣ “እኔ መጥቼ ሂያጅ ነኝ፤ ይህን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ” አለ። ከየቤቱ አንድ ሰው ለሥራው እንዲወጣ ተስማማን። ከእኛ ቤት ግን ሁለት ወጣን፤ አባቴ የግንበኞቹ አለቃ ሆኖ፣ እኔ ደግሞ አፈር ልሸከም። ሃያ ዓመቴ ነበር። ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ ወዲህ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ነበር።

በደለል የተደፈነውን የጥንት የውሃ መውረጃ ቦይ በቁፋሮ ከፈትነው። ሴቶቹ አፈሩን በቅርጫት እያወጣን፣ አንዷ ስታዜም ሌሎቻችን እየተቀበልን እንውላለን። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜ ያህል ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋድጄ አላውቅም።

ቦዩ ተጠርጎም ግድግዳው አልደረቀም። ባለሙያው ግራ ገብቶት ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አባቴ ግን ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ግቢያችን ውስጥ የልብስ እጣቢውም፣ የበልጉ ዝናብም የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ነጠላ ለማንጣት ከምታስቀምጠው ሰማያዊ ዱቄት አንሥቶ በውሃ በጠበጠና እዚያ አፈሰሰው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ደገመው። ለምን እንደሆነ ለእናቴ አልነገራትም።

በአራተኛው ቀን ሌሎቹ ለምሳ ሲበተኑ ጠራኝና ወደ ግድግዳው ወረድን። ከስንጥቁ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ ውሃ ይወርዳል። አባቴ ጣቱን አስነክቶ አየው።

“የእኛ ነው?” አልኩት።

“የእኛ ነው።”

ምን እንደሚከተል ወዲያው ገባኝ። ጠርዙ ላይ ያለው የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ከእኛ ተያይዘው ሌሎች አምስት ቤቶች አሉ። የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩና፣ “አባቴ፣ ልጥረገው። ማንም አላየም” አልኩት።

እጄን ያዘኝ። አልተቆጣኝም። “ሰው ያስቀድስበታልኮ። አንድ ቀን ግድግዳው ቢናድባቸውስ?” አለኝ።

ባለሙያው ሲመለስ በተጠራው ስብሰባ ላይ አባቴ ተነሥቶ ሁሉን ተናገረ። የደብሩ አለቃ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ባለሙያውም ግቢዎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ፣ ሰው እዚያ እስከኖረ ድረስ ውሃ ወደ አለቱ መስረጉ ስለማይቀር ስድስቱም ቤቶች መነሣት እንዳለባቸው ተናገረ። ከታች ተዳፋቱ ላይ ምትክ ቦታ እንደሚሰጠን፣ የጣሪያ እንጨትም ከመንግሥት እንደሚመጣ ቃል ተገባ።

እናቴ የሰማችው ከሰው ነው። አባቴ ቤት ሲገባ፣ “አንተ ሰው፣ ለእኔ ሳትነግረኝ?” አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ጎረቤቶቻችን ግን ዝም አላሉም። አብራኝ ስታዜም የከረመችው ሴት ደጃችን ድረስ መጥታ፣ “የራስህን አፍርስ! የእኛን ቤት ምን አድርጎህ ነው?” ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሡን።

አባቴ ቤቱን ከላይ ጀምሮ በገዛ እጁ አፈረሰው። ድንጋዩ እንዳይሰበር አንድ በአንድ እየነቀለ ያቀብለኛል። እናቴ ግቢው ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ በሰማች ቁጥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዲሱ ቦታ ላይ ስንወርድ አባቴ የራሳችንን ቤት ትቶ የጎረቤቶቹን መገንባት ጀመረ። “በእኔ አፍ ነው ሜዳ የወደቁት፤ እነሱ ሳይገቡ እኔ አልገባም” አለ። ጠዋት የአንዱን፣ ከሰዓት የሌላውን ሲገነባ ይውላል። የሚያመሰግነው የለም፤ ውሃ እንኳ የማቀብለው እኔ ብቻ ነኝ። እንጨቱ ዘግይቶ፣ ያውም ጎድሎ መጣ። የመጣውን ለእነሱ አከፋፈለ። ሰኔ ሲያልቅ የአምስቱ ቤት ጣሪያ ተከደነ፤ የእኛ ግድግዳ ግን ከወገብ አላለፈም። ክረምቱ ገባ።

እናቴ አሮጌ ቆርቆሮ ባዘነበልንበት ዳስ ውስጥ ታመመች። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ኋላ ትንፋሿ ያጥራት ጀመር። የጤና ጣቢያው ሰው መጥቶ መርፌ ወጋትና፣ “ከዚህ እርጥበት አውጧት” ብሎን ሄደ። አንዲት ጎረቤታችን ቤቷ እንድናስገባት ብትጠይቅም እናቴ፣ “ቤቴን ሳጣ ያላየኝ ሰው ቤት አልገባም” ብላ እምቢ አለች። አባቴ በዝናብ ውስጥ ግድግዳውን ለመጨረስ ይታገላል። ጭቃው አይደርቅለትም፤ ጠዋት የካበው ማታ ይንሸራተታል።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ብቻችንን ሳለን እጄን ያዘችኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ውሃው ሲወርድ አብረሽው ነበርሽ?”

ልጥረገው ማለቴን የምታውቅ መሰለኝ፤ አፈርኩ። “አልነበርኩም” አልኳት።

“እንግዲያው ብቻውን ነበር” አለች ቀስ ብላ። “አብረሽው ብትኖሪ ልጁ ፊት መዋሸት አፍሮ ነው እል ነበር። ማንም ሳያየው ነው የተናገረው፤ ለእኔ ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። እኔ ትዝ አላልኩትም ማለት ነው።”

እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት ደግሞ አባቴ እጁ ጭቃ እንደሆነ ገባ። ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዞረች። እስክትሞት ድረስ በነበሩት ሦስት ቀናት አንድም ቃል አላናገረችውም። ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲያቀርብላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስቱ ቀን አለፈ።

ቅሬው፣ የሰፈራችን የቀብር ማኅበር፣ ደርሶ ቀብሯን አስተካከለ። አምስቱም ጎረቤቶቻችን አስከሬኗን ተራ በተራ ተሸከሙ። ያቺ የጮኸችብን ሴት መቃብሩ ላይ አባቴ እግር ስር ወድቃ አለቀሰች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሣት።

በቀጣዩ በጋ ባለሙያው ተመልሶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። “ደርቋል! አባቴ፣ ይህን ያዳኑት እርስዎ ነዎት” አለ ፊቱ በርቶ። በቤታችን የሆነውን አልሰማም ነበር። አባቴ፣ “ተመስገን” አለና ወጣ። እኔ እየተከተልኩት ሳለ ደረጃው ላይ ቆመና ዞር አለ።

“እናትሽ ምን አስቀይሜያት ነው ፊቷን ያዞረችብኝ? ቤቱ ቢፈርስም ለብዙ ወር አብራኝ ቆይታለች፤ በመጨረሻው ምን ሆነች? ያለችሽ ነገር አለ?”

“የለም” አልኩት። እንደገና።

አባቴ ያ መንግሥት ከመውደቁ በፊት ሞተ። በተለያየ ጊዜ፣ ሥራ ላይም ምግብ ላይም ሆኖ ያንኑ ጥያቄ አንሥቶብኝ ያውቃል፤ ሁልጊዜም የመለስኩለት ያንኑ ነው። እሱን በቀበርን በአርባው ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናዘዝኩ። “እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ” አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁና በእናቴና በአባቴ መቃብር መካከል ተቀምጬ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው፤ አብሬው እንደነበርኩ፣ ልጥረገው እንዳልኩ፣ እሱ እጄን እንደያዘኝ። የሚያልፉ ሰዎች ሐዘን ያናወዛት መስሏቸው ቀና አድርገው ወደ ቤቴ ወሰዱኝ።