ፈረሰኛውን ለሐቦባ

ልጄ ዛሬ የአባቷን ፈረሰኛ አንስታ ለማናውቃቸው አሮጊት ሰጠችብን!

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዛሬ ደግሞ ካርቱም ሸም አል-ነሲም ብላ ወንዝ ዳር የምትወጣበት ቀን ነው። እኛም ከዶሮ ወጡ የተረፈውን ይዘን ከካርቱም ማዶ ባሕሪ፣ ናይል ዳር ምንጣፍ ዘረጋን። (የጸደይ በዓል ይሉታል እንጂ፣ ፀሐዩ ወጡን ያለ ምድጃ ያሞቃል።)

ባለቤቴ ትናንት ሥራ ስለዋለ ፈረሰኛውን አስቀምጬለት ነበር። የስድስት ዓመቷን ማሂን «ለአባትሽ ስጪው» ብዬ ሳህኑን አስያዝኳት።

እሷ ግን አባቷን አልፋ አጠገባችን ወደተቀመጡት ቤተሰቦች ሄደች። ቅብጥ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እንደኛው ትናንት ጾም የፈቱ።

«ማሂ! የባባ እኮ ነው!»

«ለታላቅ ነው የሚሰጠው ብለሽኛል። ሐቦባ ከባባ ትልቅ ናት፣ ወላሂ!»

ሐቦባ የምትለው የቅብጦቹን አያት ነው። ልጆቼ ወጋችንን ሳያውቁ ሊያድጉ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ስብሰለሰል ኖሬያለሁ! አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ወጉን ግን ከኔ በላይ ይዛዋለች።

ማሂ በዐረብኛ ስታስረዳቸው አሮጊቷ ስቀው ተነሡ። ምንጣፋችን ድረስ መጥተው ሥጋውን ለሁለት ገመሱና «ያላ፣ ልጄ!» ብለው ግማሹን በእጃቸው ባለቤቴን አጎረሱት። ሽበታሙ ባሌ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ።

እናንተስ፣ «ወጉን ረሱት» ስትሏቸው ልጆቻችሁ ያሳፈሯችሁ ቀን የለም? እስቲ ንገሩኝ።

ባሌ እንደሆነ ከዛሬ ወዲያ ፈረሰኛ ሲቀርብለት መጀመሪያ ዙሪያውን ማየቱ አይቀርም።