የሻንጣው ሐኪምና ስድስተኛው ጥያቄ

ከአውቶቡስ ፌርማታው ማዶ የአንዲት እናት ሻንጣ ድንገት ተዘረገፈ። ዚፑ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ የያዙት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሹራብ፣ ፎጣ፣ የሕፃን ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ሴትዮዋ የቱን አስቀድመው እንደሚያነሡ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ያን ጊዜ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ካለች ጠባብ ሱቅ አንድ ጎልማሳ ሰው ወጣ። የታጠቀውን ሽርጥ ፈታና ከሁሉ አስቀድሞ የውስጥ ልብሳቸውን ሸፈነበት። ሌላውን መልቀም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አውቶቡሴ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ቀኑ ለእኔ ተብሎ የተሰጠኝ ይመስለኛል። ተሻግሬ ካልሲዎቹን ሰበሰብኩ። ሰውየው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አስተኛና መስፋት ጀመረ።

«እማማ፣ ወዴት ነው መንገዱ?» አላቸው፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«ልጄ ጋ። ወልዳልኛለች።»

«ሩቅ ነው?»

«በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው ኢንሹራንስ አያስፈልግዎትም።»

«ምን አልከኝ?»

«ምንም። በሰላም ይግቡ ነው ያልኩት።»

በዚያ ሳምንት የመጽሐፍ ቦርሳዬን ማንገቻ አሰፋለሁ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ማንገቻው ያን ያህል አልተበላሸም ነበር፤ ሰውየውን ደግሜ ማየት ፈልጌ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ብቻ ሲጠግን ኖሯል። እኔም «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ «አንተ በይኝ፤ እርስዎ ስትዪኝ ሒሳብ የምጨምርብሽ ይመስለኛል» ብሎ አስተወኝ።

ሱቁ ከደረጃ ሥር ስለሆነ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ቀስ ብሎ ያንኳኳል። ሻንጣዎቹ ከኮርኒሱ በገመድ ተንጠልጥለዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በአንዲቱ መስኮት ስትገባ ብናኙ በመካከላቸው ይንሳፈፋል፤ ሻንጣዎቹም በገመዳቸው ላይ በጥቂቱ ይዞራሉ፤ እንደ ተኙ፣ ተኝተውም ከሄዱበት አገር ያልተመለሱ ይመስላሉ። እኔ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የምሳ ሰዓቴን እዚያ ማሳለፍ ለመድኩ። መጽሐፌን እገልጥና አንድ ገጽ ሳላነብ ሰዓቱ ያልቃል።

ዶክተር ባሕር አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ባሕር የሄዱ ሻንጣዎች ገበራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አሸዋ ይዘው ይመለሳሉ። እሱ ገበሩን ፈትቶ አሸዋውን በብሩሽ ይጠርግና የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ያኖረዋል። ነጩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ እንደ ከሰል የጠቆረም አለ። አንዳንድ ቀን ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ ያነሣና «ይሄ እንግዲህ የሰው ሁሉ ዕረፍት ነው» ይላል።

የሚጠግነው ሻንጣ ሁሉ ላይ፣ ክዳኑ ውስጥ በኩል፣ ማንም ሳያዝዘው አንዲት ትንሽ ኪስ ይሰፋል። ደንበኛው ሲመጣ «ይቺ የጉዞ ኢንሹራንስ ወረቀትህን የምታስቀምጥባት ናት። ገዝተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሱቁን የሚጋራው ቁልፍ ቀራጭ ይህን በሰማ ቁጥር አያስችለውም።

«ስማ ዶክተር፣ ኮሚሽን ይከፍሉሃል እንዴ?»

«አንድም ሳንቲም!»

«ታዲያ ሰው ሊዝናና ሲሄድ ምን ታስፈራራዋለህ? ፍርሃት እኮ ነው የምትሸጠው።»

«አንተ ከረሜላ ነው የምትሸጠው? ቁልፍ አይደል እንዴ!»

«እኔ ሰው ቤቱ እንዲገባ ነው የምሠራው!»

ይሳሳቃሉ። የመቅረጫው ማሽን ይጮሃል፤ ጣሪያው ያንኳኳል።

እኔ ራሴ የኢንሹራንስ ነገር ከእምነት ማነስ ይመስለኝ ነበር። መንገደኛን ፈጣሪ ይጠብቀዋል፤ ለእሱ አደራ ተሰጥቶ ደግሞ ወረቀት መፈረም ምን ይሉታል? ይህንኑ ለዶክተር ነገርኩት። እሱ አልተከራከረኝም። ስለ አንዲት መምህርት አጫወተኝ። ከባሏ ጋር ለዕረፍት ሌላ አገር ሄደው ሳለ ባልየው የሆቴል ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሴትዮዋ የአገሬውን ቋንቋ አታውቅ፣ አንድ የምታውቀው ሰው የለ። የኢንሹራንስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስልክ ደወለች። በራሷ ቋንቋ የሚናገር ሰው አነሣና «አይዞሽ፤ አሁን የት ነሽ?» አላት።

«ሻንጣውን ልታሠራ መጥታ ስትነግረኝ» አለ ዶክተር፣ «ስለ ሕክምናው ክፍያ አንድም ነገር አላነሣችም። እነሱ ናቸው የከፈሉት። እሷ ግን ያወራችልኝ ያን ድምፅ ነው። ‹አሁን የት ነሽ› ያላትን። ሌላ አንድ ደንበኛ ደግሞ ነበረኝ፤ አልገዛም ብሎ ሄደና እዚያ ታመመ። ድኖ ተመልሷል፤ ቤተሰቡ ግን የነበረውን ሁሉ ሸጦ ነው ያመጣው። የእሱ ሻንጣ ከዚያ ወዲህ ለጥገና መጥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ይግዛ ነው የምትለው?»

«ኧረ! አክስትሽ ጋ ለሁለት ቀን ብትሄጂ ምን ያደርግልሻል? አክስትሽ አለች። እኔ የምለው ስምሽን የሚያውቅ ሰው ለሌለበት አገር ነው። እዚያ ዘመድ መግዛት ነው እንበለው።»

ወደ ሥራዬ ስመለስ ያ ድምፅ አብሮኝ ሄደ። የአንዲት መምህርት ጸሎት ተሰምቶ፣ መልሱን ያደረሰላት ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ የተቀመጠ አንድ የማይታወቅ ሠራተኛ ቢሆን ምን ይገርማል አልኩ። የዚያን ቀን የተኮስኩት ሸሚዝ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሸሚዝ መሰለኝ።

የዶክተር ሚስት ሃያ ስድስት ዓመት በመዋእለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና ሠርታለች። ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት፣ ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ለሁለቱም የአምስት ቀን የባሕር ጉዞ ገዛችላቸው። ባሕሩ ያለው ሌላ አገር ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሚስቲቱ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ደፍታ ሱቁ በር ላይ ብቅ አለች። በሩ ባርኔጣውን አላስገባ ብሏት በጎን ነው የገባችው።

«እንዴት ነው?» አለች፣ በቁልፍ ቀራጩ የመስታወት ቁራጭ ራሷን እያየች።

«እትዬ፣ ጥላው ለእኔም ይደርሰኛል» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

«አንተን አልጠየቅኩም! አንተ ሰውዬ፣ ምን ይመስልሃል?»

ዶክተር ቀና ብሎ ያያታል። «ሌላ ሴት ትመስያለሽ» አለ በመጨረሻ።

«ሌላ ሴት ምን ልትሠራልህ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ልጅ ሆኜ የግድግዳ ሥዕል ላይ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ሕፃናቱን ለማስተኛት ስለ ባሕር ነው የማወራላቸው። ያላየሁትን! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ነው የኖርኩት። አሁን ሄጄ ያወራሁት ልክ መሆኑን አያለሁ» አለችኝ።

«ኢንሹራንሱን እንሞላለን» አለ ዶክተር፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ።

«ሙላው። እኔ ለመዝናናት እንጂ ለመታመም አልሄድም። የሚፈረመውን አሳየኝ፤ እፈርማለሁ።»

ስትወጣ ባርኔጣው የበሩን መቃን ነካና አንዲት ገለባ ወለሉ ላይ ጣለ። ዶክተር ለረጅም ጊዜ መርፌውን አልወጋም።

በማግስቱ ስሄድ ቁልፍ ቀራጩ አልነበረም። ዶክተር ከማሽኑ መሳቢያ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ልጁ የላከችው የኢንሹራንስ ቅጽ ነው፤ የባልና ሚስት የጋራ። «ዓይንሽ ጥሩ ነው፤ አንብቢልኝ» አለኝ። እሱ ግን ሻንጣ ውስጥ የጠፋች መርፌ ከሩቅ የሚያይ ሰው ነው። አነበብኩለት። ስም፣ ዕድሜ፣ የጉዞ ቀን። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እሱን ድገሚው።»

«‹ከተጓዦቹ መካከል ባለፉት አምስት ዓመታት የልብ ሕመም እንዳለበት በሐኪም የተነገረው አለን? አዎ፣ የለም።› ከሥሩ ደግሞ ‹እውነት ያልሆነ መልስ ከተሰጠ ውሉ አይጸናም› ይላል።»

«ከሱ በታችስ?»

«የሁለታችሁም ፊርማ።»

ተነሥቶ የክር ሣጥኑን ከፈተ። በቀይና በጥቁር ክር ጥቅልሎች መካከል የክኒን ካርቶን ነበር። እዚያ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ቁልፍ ቀራጩ ስንት ጊዜ «ክኒኑን ለየትኛው ሻንጣ ነው የምታዝዘው?» እያለ ቀልዶበታል። እኔም ለራስ ምታት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

«ሁለት ዓመቱ ነው» አለ። «ሐኪሙ ክኒኑን እየዋጥክ፣ ቀስ እያልክ፣ መሄድ ትችላለህ ብሎኛል። ጉዞውንም ጠይቄዋለሁ። ችግሩ ልቤ አይደለም። እሷ አታውቅም።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ወንድሟ በልብ ሕመም ነው የሞተው፣ ቁርስ ላይ፣ ፊቷ። እኔ ባሳለኝ ቁጥር ከአልጋዬ ጎን ወንበር አስጠግታ የምትቀመጥ ሴት ናት። ይህን ካወቀች ባሕሩ ቀርቶ ገበያ እንኳ አታስኬደኝም። ‹ይቅርብኝ› ትላለች። ባርኔጣዋን አየሽው አይደል?»

ጣሪያው ላይ የአንድ ሰው እርምጃ ወጣ፣ ወጣ፣ ራቀ።

«‹የለም› የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ እችላለሁ» አለ። «ትናንት እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ማሽኑ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። አንድ ሻንጣ ከፍቼ ገበሩን ስገልጥ ባሕሩ እዚያ ውስጥ ነው። ሰማያዊ፣ ዳር የለው። እሷ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ውኃው እስከ ጉልበቷ ነው። ዞር ብላ ‹ና እንጂ› ትለኛለች። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜያለሁ፣ የስልክ ድምፅ ይሰማል። አነሣሁት። ‹አይዞህ፤ አሁን የት ነህ?› አለኝ። ብናገር፣ ብናገር፣ ድምፄ አልወጣም።» ክኒኑን መዳፉ ውስጥ አገላበጠው። «ሰው ሁሉ ይህን ወረቀት ይያዝ ብዬ ስለፈልፍ ከርሜ፣ እሷን የማይሠራ ወረቀት አስይዤ ልውሰዳት? እዚያ ብወድቅ ትደውላለች፤ እነሱም ፋይሉን ያያሉ። ያን ጊዜ ብቻዋን ናት።»

«ንገራት እንግዲህ» አልኩት። በልቤ እየጸለይኩ ነበር። ሁለት ዓመት የተሸከመውን በአንድ ሰው ፊት ለማውረድ በመድፈሩ አመሰገንኩ፤ ያ ሰው እኔ በመሆኔም።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ ቆዳ ከመቁረጡ በፊት እንደሚያደርገው አንድ ጊዜ ትንፋሹን ያዘና፣ «አዎ» ከሚለው ቃል አጠገብ ምልክት አደረገ። ከሥሩ ፈረመ። የእሷ መስመር ባዶውን ቀረ።

«እህቴ» አለኝ፣ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

«በል እሺ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ነይ። ይህን ወረቀት ፊቷ አስቀምጬ እነግራታለሁ። አንቺ ምንም አትናገሪ፤ ልታስታርቂን አይደለም የምጠራሽ። ታለቅሳለች። ስታለቅስ እኔ አልችልም፤ ‹በቃ ተይው፣ እንቀራለን፣ እዚሁ አብረን እናርፋለን› ማለት እጀምራለሁ። እንደማደርገው አውቃለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነኝ። ያን ቃል ስጀምር አስቁሚኝ። እጄን ያዢኝ፣ ወይ ጮክ ብለሽ ስሜን ጥሪው፣ ብቻ አታስጨርሺኝ። ትመጪያለሽ?»