በእንቅርት ላይ ጨው

ለቢቸና ሰው አንገት ላይ ያበጠ ነገር ሁሉ እንቅርት ነው። ሌላ ስም አይፈልግለትም።

የመጨረሻዋ ልጄ ሞጣ ትማር ነበር። ለፋሲካ ስትመጣ ከአንገቷ በስተጎን፣ ወደ ትከሻዋ ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል እብጠት ይዛ መጣች። አያማትም። ጎረቤታችን ገና ቁጭ ሳይል ፈረደ። ቅኔ እፈታለሁ የሚል ሰው ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ አለማወቁን ብቻ አያውቅም።

«እንቅርት ነው። አዮዲን ያለውን ጨው አጥብቃ ትብላ።»

«ካንሰር ቢሆንስ?» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ! ካንሰር የሚፈልገው እርስዎን ነው። ልጅ እግሯን ምን ብሎ ይይዛታል?»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ወጡን ጨው በጨው አደረገችው። ከብት እንኳ ጨው ሲልስ በቃኝ ይላል፤ የእኛ ሰው ምክር ሲሰጥ በቃኝ አይልም። ልጅቱ ግን ከሳች፣ ቀሚሷ ሰፋባት።

«አባየ፣» አለችኝ አንድ ጧት፣ «እንቅርት የያዘውን ሰው አንሶላ እስኪርስ ያልበዋል እንዴ?»

በማግስቱ አብሬያት ሞጣ ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አንገቷን ዳሰሰ፣ ብብቷን ዳሰሰ።

«አባቴ፣ እንቅርት ከጉሮሮ ፊት ነው፤ ስትውጥ አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ይህ ንፍፊት ነው። ንፍፊት እንዲህ ሰንብቶ አልጠፋ ሲል ያሠጋል።»

ከእብጠቱ ተቆርጦ ባሕር ዳር ሲመረመር የንፍፊት ካንሰር ሆነ። ወጣቶችንም እንደሚይዝ፣ ቶሎ ከታከመ ብዙዎች እንደሚድኑበት እዚያ ነው የሰማሁት።

ይህን ጊዜ ቢቸና አፉ ተለጎመ። ስለ አንገቷ ዐሥር ምላስ የነበረው ሁሉ «ያ ስሙ የማይጠራው» እያለ በአጥራችን ዞሮ ያልፍ ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የእኔ ልጅ በበሽታዋ ላይ ጎረቤት ተጨመረባት።

ኬሞ የሚሉት መድኃኒት ፀጉሯን ጨረሰው፤ እብጠቱንም አጠፋው። ተመላለሺ ብለዋታል፤ ገና አልተላቀቀችም። ሻሽ አስራ ቤት የገባች ለት ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ።

«እሰይ! ጨው ነው እኮ ያጠፋው! አላልሁም?»

ማዕዱን ልጄ ራሷ አቀረበችለት። አንዴ ጎርሶ ግራ ቀኙን አየ።

«ወጡ ጨው የለውም እኮ።»

«ጨውማ እኔ ጨረስሁት፤ እርስዎ አይደሉ ያዘዙልኝ?»

አንገቱን ደፍቶ በላ። ቅኔ ፈቺው ይቺን ግን መፍታት አቃተው።