ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ

ጎበና ሮማ ውስጥ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሠፈር ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው፣ የሰው ፎቅ ደረጃ እየወለወለ የሚያድር ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ግን ዜማ ደራሲና አቀናባሪ ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ሙዚቃ ከትዝታ ቅኝት ጋር አሽቶ በየምሽት ክበቡ ስንቱን ጎረምሳ ያስለቀሰው እሱ ነው። ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ባስ ጊታሩ ብቻውን ጥቂት እንዲያንጎራጉር ማድረግ የእሱ ፈሊጥ ነበር። በኋላ በየሠርጉ የሚጫወተው ባንድ ሁሉ እንደዚያ መጀመር ለመደ፤ ከማን እንደተማረው ቢጠየቅ ግን የሚመልስ አንድም አይገኝም።

ስሙ የጠፋው በራሱ ፈቃድ ነው። በ1970 ዓ.ም. የባንዱ ጓደኞቹ መታሰር ሲጀምሩ በሱዳን በኩል ኮበለለ። አብሮት የተነሣው ሰው በረሃ ላይ ተለይቶት ተመለሰና ለሚስቱ ለሸዋረጋ «ጎበና ሞቷል» ብሎ መርዶ ነገራት። ጎበና ይህን የሰማው ሮማ ከገባ በኋላ ነው። ያለቀሰውን ያህል አለቀሰና አፉን ያዘ። የኮብላይ ሚስት ቀበሌ ስትጠራ ትከርማለች፤ የሟችን ሚስት ግን የሚነካት የለም። ደብዳቤ እንዳይጽፍ ይከፈታል። ሰው እንዳይልክ፣ በዚያ ዘመን ማን ማንን ያምናል? መኖሩን ሌላ ሰው ሳያውቅ ለእሷ ብቻ እንዴት ያሰማት? ዓመታት ሙሉ ሲያንገበግበው የኖረው ይኸው ነው።

መላው የመጣው ከእልፍነሽ ጋር ነው። እልፍነሽ አንዲት ሲኞራ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ግን ለማድ ቤት የተፈጠረ አልነበረም። ሮማ ያለች የቤት ሠራተኛ የምታርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ዘፈን ለሐሙስ ቀረ፤ አንዱን ካሴት መቅዳት የአንድ ዓመት ሐሙስ ፈጀ። ቅጂው በመንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ይገባል፣ ሙዚቃ ቤት ያባዛዋል፣ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው የእልፍነሽ ስም ብቻ ነው።

ጎበና ዘፈን ሲያስጀምር ጉሮሮውን ይጠርግና «አንድ… ሁለት… በሉ ከልብ!» ይላል። ሸዋረጋ ይህን ስትሰማ የኖረች ናት። ስለዚህ በመጀመሪያው ካሴት ላይ ይህችን ድምፁን ሳይቆርጥ ተዋት። የተባዛው ካሴት ተመልሶ እጁ ሲገባ ቢያዳምጠው፣ ሙዚቃ ቤቱ እዚያችው ቦታ ላይ የሱቁን አድራሻና ስልክ ቁጥር አስነግሮባታል። ጎበና ሳቀ። እልፍነሽ ሳቁን ፈራችው።

በሁለተኛው ካሴት ድምፁን ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ፣ ማስታወቂያ ነጋሪ በማይደርስበት ባዶ ቴፕ ላይ አኖራት። ሸዋረጋ እስከዚያ ድረስ ጆሮዋን ጥላ እንድታዳምጥ ደግሞ ከፊት ያስቀደመው ለእሷ የሠራላትን፣ ከባንዱና ከእሷ በቀር ሰው ያልሰማውን ዜማ ነው። «አሁንስ አታመልጠኝም» አለ። በዚያ ክረምት ደረጃውን ሲወለውል እያፏጨ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በአንዱ ሐሙስ እልፍነሽ አበበች የምትባል፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር ያልሞላት ልጅ ይዛ መጣች።

«አሎራ» አለች እልፍነሽ በጣልያኖቹ አፍ፣ «እስቲ ለጋሼ ንገሪያቸው፤ ዘፈኔ አገር ቤት እንዴት ነው?»

«ኧረ ታክሲው ሁሉ አንቺን ነው የሚያሰማው! አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ረግማሻለች።»

«ምን አድርጌያት?»

«ባሏ ዜማ ደራሲ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም፣ ሞቷል። የአዲሱን ካሴትሽን የመጀመሪያ ዘፈን እንደሰማች ‹ይሄ የባሌ ነው፤ የሙት ዜማ ሰረቁ!› ብላ ካሴቱን መንጭቃ አወጣችና በእግሯ ረግጣ ሰባበረችው።»

ምስጢሩን የምታውቀው እልፍነሽ ፊቷ አመድ መሰለ። «በቃ፣ አበበች» አለች።

«ተያት» አለ ጎበና። «እስከ መጨረሻው አልሰማችውም?»

«የመጀመሪያውንም አልጨረሰችው፣ ጋሼ። ቁርጧን ያወቀችውም ያን ቀን ነው። እስከዚያ ‹ሬሳውን አላየሁም› እያለች፣ የጠየቃትን ወንድ ሁሉ ስትመልስ ነበር። ያን ቀን ግን ‹እሱ በሕይወት ቢኖር ማን ዜማውን ይደፍር ነበር?› አለች። እርሟን አወጣችና ጥቁሯን አወለቀች። ከፋሲካ በኋላ አንድ አስተማሪ አገባች። ደግ ሰው ነው፤ አሁን ፊቷ ተመልሷል።»

እልፍነሽ ተስፈንጥራ ተነሣችና ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተች፤ መጨረሻውን ለአበበች ልታሰማት ነው። ጎበና ደርሶ እጁን የቴፑ ቁልፍ ላይ አኖረ። ወሬው ከአበበች አልፎ አሁን ሸዋረጋ ጋ ቢደርስ ሁለት ባል ያላት ሴት ትሆናለች፣ ቀበሌውም ኮብላዩን ከእሷ ይፈልጋል። ስምንት ዓመት የለፋባትን ድምፅ ማፈን ያለበት ራሱ ነው። ካሴቱን ከቴፑ አወጣና ተቀመጠ።

አበበች ነገሩ ግራ ገባት። «ሰውየውን ያውቁት ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ አብረን ሠርተናል።»

«ውይ! ነፍስ ይማር» አለችው።

ጎበና እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፋ።

«ያኑርሽ» አለ።