ከአርባ ስምንት ቀጥሎ ሠላሳ ሦስት

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁሉም አጣፊዋ ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማሽኑ የወጣውን ሰፊ ወረቀት እየተቀበለች ስታጥፍ ኖራለች። ታጥፋለች፣ በአጥንት መጫኛዋ ጠርዙን ትጫናለች፣ ደግማ ታጥፋለች። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ሳይታጠፍ ያየው ሰው ግን ያበደ ሰው ያተመው ይመስለዋል፤ የመጨረሻው ገጽ ከመጀመሪያው ጎን ተኝቷል፣ ግማሾቹም ተዘቅዝቀዋል። መልክ የሚይዘው በእሷ እጅ ሲያልፍ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስንት መጽሐፍ አነበብሽ?» ብሎ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው። «አጣፊ ፊደል አያይም፤ የሚያየው ጠርዝ ነው።»

እውነቷን ነው። ትምህርት ያቋረጠችው ከአምስተኛ ክፍል ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ስትወድቅ አንድ ሰው ቤት መዋል ነበረበት። ታላቅ እህቷ ሥራ ይዛለች፣ ታናሽ ወንድሟ ገና ሕፃን ነው፤ ዕጣው በመካከለኛዋ ላይ ወደቀ። «መካከለኛ ልጅ እንደ በር መቃን ነው፤ ሁሉም ተደግፎት ያልፋል» ትላለች፤ ስትለውም አታማርርም፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የምትለው።

የቤታቸው በር ማጠፊያው ከላላ ብዙ ዘመኑ ነው። ወደ መሬት ስለወረደ፣ እጀታውን ይዘው በቀኝ ጉልበት ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም። ከፍ ሲል አጭር የጉሮሮ ድምፅ ያሰማል። ልጆች ሳሉ እሷና ታላቋ ያን ድምፅ በሰሙ ቁጥር «ሽማግሌው ሳለ» ተባብለው ይስቁ ነበር። እንግዳ ሰው በሩን ይገፋል፣ ይደበድባል፤ ሽማግሌውን ማሳል የሚያውቅ የቤት ሰው ብቻ ነው። ታናሽ ወንድማቸው እንኳ አክስት ጋ ሄዶ ስላደገ እስከ ዛሬ በትከሻው ነው የሚገፋው።

ታላቋ በሃያ ዓመቷ ከእናቷ ተጣላች። የተጣሉት በአንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ዛሬ ቢያወሩት ያስቃል። ያን ቀን ግን እናትየዋ «ይህን ደጃፍ ከወጣሽ፣ እኔ እዚህ ቤት እስካለሁ እንዳትገቢ» አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታላቋ ወጣች። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ዓመት ሆነ። በሦስተኛው ዓመት እናትየዋ ሞተች፤ የወጣችው አልተመለሰችም።

አጣፊዋ ማተሚያ ቤት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። በአራተኛው ወሯ ቀለም የተጨማለቀበት አንድ ወረቀት ወለሉ ላይ ተጥሎ አገኘች። ምሳዋን ልትጠቀልልበት አነሳችው። ልትጠቀልል ስትል ዓይኗ ከታች ጠርዝ ላይ ባሉት ሁለት ገጾች ላይ አረፈ። በግራ ያለው አርባ ስምንት ነው፤ በቀኝ ያለው ሠላሳ ሦስት። የአርባ ስምንት መጨረሻ እንዲህ ይላል፦

«ሴትየዋ እጀታውን ያዘች። ይህ በር በሌላ መንገድ አይከፈትም። በቀኝ ጉልበቷ ከፍ አደረገችው። ሽማግሌው ሳለ።»

ከጎኑ፣ ሠላሳ ሦስት ሲጀምር፦

«ገባች። የነጭ ጋዙን ጀሪካን ጥግ አስቀምጣ መጥቻለሁ አለች።»

ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ወረቀቱን ቤት ወስዳ ከአልጋዋ በላይ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ታነበዋለች፤ ማታ ስትመለስ ታነበዋለች። ሽማግሌው ሳለ። ገባች። መጥቻለሁ አለች። ከአርባ ስምንት ቀጥሎ ሠላሳ ሦስት እንደማይመጣ እጇ ያውቃል፤ ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈላት። ልቧን ግን የጠየቀው የለም። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲያልቅ፣ ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራውና በምላሱ ስለት መቀስ የሚሉት ባልደረባዋ አንዱን አምጥቶላት ነበር።

«እንኪ፣ ሙሉውን አንብቢ። ግድግዳ እያነበበ የሚኖር እስረኛ ብቻ ነው።»

«የያዝኩት ይበቃኛል» አለችው።

በዚህ ዓመት የቤቱ ጣሪያ ጎበጠ። ወንድሟ ከእሱ ጋር እንድትኖር ዓመታት ሲለምናት ኖሮ፣ አሁን ልመናው ወደ ቁጣ ዞረ። «እትዬ፣ እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ያን ቀን እንቢ ካልሽ ደግሜ አልጠይቅሽም። ጣሪያው ሲወድቅብሽ ጎረቤት ይጥራኝ።»

«ታላቃችን መጥታ በሩን ብታነሳ ማን አለሁ ይበላት?»

«ሃያ አምስት ዓመት!» አለ።

«ቅዳሜን ልየው» አለችው።

ቅዳሜ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ እንደገና ታትሞ ነበርና፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ አንባቢዎች ተሰብስበው መጀመሪያ ከደራሲው ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ሊያወሩ ነው፤ ደራሲውም ይመጣል። ከማተሚያ ቤቱ እሷና መቀስ ተጋበዙ። እሷ አንድ ጥያቄ ይዛ ሄደች፤ በራችንን እንዴት አወቅኸው? እህቴ ትመጣለች ብለህ የጻፍኸው ከማን ሰምተህ ነው? መልሱ ተስፋ ካለው እሑድ ወንድሟን ትመልሰዋለች።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው በብረት ወንበር ተደርድሯል። ደራሲው ከፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ ከሲታ ሽማግሌ ነው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊመረመር እንደመጣ በሽተኛ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አንድ ፀጉር አስተካካይ ተነሳ። «እኔ ጋሼን ያወቅኋቸው ደንበኛ ረስቶት በሄደ መጽሐፍ ነው። እስኪመጣ ብዬ ገለጥኩት። ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰውዬ ግማሽ ጢሙን ላጭቼ ግማሹን ረሳሁት።»

«ሰውየውስ?» አለ መቀስ ከኋላ።

«እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አያልፍም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥላ አንዲት ነርስ ተነሳች፤ እሷ ስትናገር ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። «እኔ መጽሐፉን የሰማሁት ከአንድ በሽተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ልብሱን ስቀይርለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልኛል። ያነበበልኝ አንዲት ልጅ ለአባቷ ሳትነግረው ስለቀረችው ነገር ነው። የእኔ ነገር ነበር። ዓይኑን ከገጹ አልነቀለም። ከሞተ በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ወሰድኩ። ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩት፤ የለም።»

ደራሲውን አልደነቀውም። «ሌሎችም ብለውኛል» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንደጥፋተኛ።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መነጽራቸውን አጥልቀው ተነሡ። «እኔ ስለራሴ አላወራም። ልቤን የያዘውን ቦታ ላንብብ። ገጽ አርባ ሰባት።»

አጣፊዋ አርባ ሰባትን አታውቀውም። ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ጀርባ ያ ነበር፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ከሙጫው ሥር ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ የኖረ።

መምህሩ አነበቡ፦ «ከመስኮቱ ውጭ የቆመችው ሴት ሁሉን አየች። በሽተኛዋ ውሃ አለች። ልጅቱ ደክሟት ነበርና ቆይ አለቻት። ቆይታ ውሃውን ይዛ ስትመጣ እናትየዋ አልጠበቀቻትም። ልጅቱ ኩባያውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ውሃውን ራሷ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።»

የአጣፊዋ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ የያዘችውን የአጥንት መጫኛ ጨመቀ። ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበሩት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። ያን ኩባያ ለወንድሟ አልነገረችም፣ ለማንም አልነገረችም። ለጠየቋት ሁሉ «ውሃ ጠጥታ ነው ያረፈችው» ብላ ኖራለች።

መምህሩ ገጹን ገለጡ። «ሴትየዋ ከመስኮቱ ተነስታ ወደ በሩ ዞረች። እጀታውን ያዘች። ይህ በር በሌላ መንገድ አይከፈትም። በቀኝ ጉልበቷ ከፍ አደረገችው። ሽማግሌው ሳለ።»

ገባች፣ አለች አጣፊዋ በልቧ። መጥቻለሁ አለች።

መምህሩ ወደ አርባ ዘጠኝ ዓይናቸውን አሻገሩ። «በዚያች ቅጽበት የእናቷ ቃል ትዝ አላት። እናቷ አሁንም ቤት ውስጥ ናት። በሩን ቀስ አድርጋ መልሳ አወረደችው። ሄደች።»

አጣፊዋ አሁን ሁሉንም አስታወሰች። ኩባያው አፏ ላይ ሳለ በሩ ስሎ ነበር። ሰምታዋለች። ንፋስ ነው ብላ ጠጥታ ጨረሰች።

መቀስ ክንዷን ነካ አደረጋት። «ምነው፣ ፊትሽ ወረቀት መሰለ?»

ተነሳች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ጋሼ፣ እኔ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ብዙ አላነበብኩም። ያቺን ገጽ ከየት አመጧት?»

ደራሲው እጆቹን ከጉልበቱ አነሳ።

«ልጄ፣ አላውቅም። ያን ጊዜ በእጄ ነበር የምጽፈው። ጽሕፈቴን የምትተይብልኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የመጣችው። የመጨረሻውን ስትመልስልኝ ሦስት ገጽ ተጨምሮበታል። ይህን እኔ አልጻፍኩም አልኳት። ረቂቅዎን ይዩ አለችኝ። አየሁ። ሦስቱም ገጽ አለ፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔው ነው።»

«መልኳ ምን ይመስል ነበር?»

«መልኳን መያዝ አልቻልኩም። የማስታውሰው ቀሚሷን ነው። አዲስ ነበር፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ብቻ አልቋል።»

አንድ ሰው ወንበሩን አንቀሳቀሰ።

«የት ትኖራለች?»

«የነገረችኝ ቦታ ሄጄ ነበር። ሰው ኖሮበት የማያውቅ ባዶ መሬት ነው አሉኝ። እስከ ዛሬ ስለዚያች ገጽ የሚጠይቀኝን ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት።» ሽማግሌው ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለ። «ውሃውን የጠጣሽው አንቺ ነሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። እሷ ለመካድ ደክሟታል።

«ጠምቶኝ ነበር» አለች፤ ተቀመጠች።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ መጣ። እንደልማዱ በሩን በትከሻው ገፋ፤ እሷ ከውስጥ ከፈተችለት። ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ፍራሹ፣ ሁለት ወንበር፣ ሣጥኗ፣ የማእድ ቤት ኮተቷ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሩ ሊልጠው ሞከረ።

«ተወው» አለችው።

«ለማን?»

«ለቤቱ። ጣሪያው እስኪወድቅ ምን ይሥራ፣ ያንብብ።»

ወንድሟ ፈገግ አለ፤ ትሄዳለች ብሎ አላመነም ነበርና ቶሎ ቶሎ ሣጥኑን አንስቶ ወጣ። እሷም የቀረውን ይዛ ወጣች። በሩን ዘጋችው፤ አልቆለፈችውም። ከዚያ ወደ መኪናው መሄድ ትታ በቤቱ ጎን ዞረች። መስኮቱ ያለበት ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የጎረቤት ግንብና የእነሱ ግድግዳ መሃል አንድ ሰው ብቻ ያቆማል። እዚያ ቤት ተወልዳ አድጋ፣ በዚያ መስኮት ከውጭ ወደ ውስጥ አይታ አታውቅም።

ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ሁሉም እንደተጻፈው ነው። የእናቷ አልጋ የነበረበት ቦታ ከፊቷ ነው። ኩባያ ይዞ የሚቆም ሰው ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከማዶ በሩ፤ ከጎኑ ግድግዳው ላይ ወረቀቱ። ከመንገድ ወንድሟ ገመድ እያሰረ ሲያፏጭ ይሰማታል።

በሩ ከፍ አለ። የጣት ያህል ነው። ሽማግሌው ሳለ።

አልተከፈተም። በማይታይ ጉልበት ላይ እንደተደገፈ፣ እንዲሁ ከፍ ብሎ ቆየ። ፉጨቱ ከመንገድ አላቋረጠም። አጣፊዋ አልሮጠችም፣ አልተጣራችም። የሚያስፈራው፣ መፍራት የነበረባት ያኔ፣ ኩባያው አፏ ላይ ሳለ መሆኑን ማወቋ ነው።

«ግቢ» አለች በመስታወቱ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «እማማ የለችም። እኔም ወጥቻለሁ። የከለከለሽ የለም።»

በሩ መልሶ ይውረድ ወይም ይከፈት አላየችም። ፊቷን አዞረች። በመተላለፊያው ወጥታ፣ በፊት ለፊቱ ደጃፍ ሳታልፍ፣ በዙሪያ ወደ መኪናው ሄደች። ቁልፉን ለወንድሟ ሰጠችው፤ ጋቢና ገብታ የአጥንት መጫኛዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ቆለፍሽው?»

«አልቆለፍኩትም።»

«ሰው ቢገባስ?»

«ይግባ።»

ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል እጁን ገታ አደረገ፤ ጆሮውን ወደ ቤቱ አዘነበለ። «ቅድም ገመዱን ሳስር አንድ ሽማግሌ ሲስል የሰማሁ መሰለኝ። ውስጥ የቀረ ሰው አለ እንዴ?»

«የቤት ሰው ነው» አለችው። «ንዳ።»