የበኩር ልጅዎ ስም

ቀነዓ ነቀምቴ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሬና ጉቴም ቅርንጫፍ አለው። መምህራኑ ውጤት የሚያስገቡት፣ ፈተና የሚያስቀምጡትና ቀሪ ተማሪ የሚመዘግቡት በኢንተርኔት ነው። ለእነዚህ የሚያገለግሉት ሦስት ድረ ገጾች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሰው የተሠሩ ናቸው። አንዳቸውም በር አልነበራቸውም። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ይገባል። ባለፈው ዓመት የባዮሎጂ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት በቴሌግራም ዞረ። ርዕሰ መምህሩ ቀነዓን አስጠርቶ «ዝጋው» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ቀነዓ ድረ ገጾቹን እንደ አዲስ መሥራት አልፈለገም። ከፊታቸው አንድ ሰርቨር አቆመ። በሙያው ቋንቋ ሪቨርስ ፕሮክሲ ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል። ፕሮክሲው ራሱ ማንንም አያውቅም። ከኋላው ወዳለች ትንሽ የመግቢያ ሰርቨር ዞሮ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አውቀዋለሁ ካለች ያሳልፋል። አላውቀውም ካለች ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ያወጣል። አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፣ ከኋላ ሦስት ቤት። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበለት።

ከዚያ መምህራኑ የይለፍ ቃላቸውን ይረሱ ጀመር። በየቀኑ ይደውላሉ። ቀነዓ ሲሰለቸው አንድ ጥያቄ ጨመረ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ጥያቄውን ከመለሰ አዲስ ያወጣል። ጥያቄው «የበኩር ልጅዎ ስም ማን ይባላል?» የሚል ነበር።

መልሳቸውን እንዲያስገቡ የሦስቱም ቅርንጫፍ መምህራን ነቀምቴ ተሰበሰቡ። ቀነዓ ከፊት ቆሞ «የምትጽፉትን ከማሽኑ በቀር ማንም አያየውም» አላቸው።

«እውነቱን ነው የምንጽፈው?» ስትል ጠየቀች ከኋላ አንዲት የጉቴ መምህርት።

«እውነቱን። ማሽን ላይ አይዋሽም።»

ማንም አያየውም ያለው ልክ አልነበረም። እሱ ያየዋል። መልሶቹ የተቀመጡት እንደተጻፉ፣ በሚነበብ መልክ ነው። እንዳይነበቡ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንዴት እንደሚደረግም ያውቃል። ግን ሰው ደውሎ ሲቸገር አይቶ መንገር ቀለለው። ለኋላ አቆየው።

አያቶቹ ከጎጃም የመጡት የሒሳብ መምህሩ ይስማው ጥያቄውን እንዳየ ሳቀ።

«ኧረ አባ ገመቺስ! እናንተ ሰዉን ሁሉ በበኩር ልጁ ትጠራላችሁ። መልሰህ በበኩር ልጁ ስም ትቆልፋለህ? ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተህ ነው እኮ የሄድከው!»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር የወለደ ሰው ብዙ ጊዜ በገዛ ስሙ አይጠራም። ወንዱ አባ፣ ሴቷ ሃዳ፣ ማለትም እናት፣ ተብለው የመጀመሪያ ልጃቸው ስም ይከተላል። ቀነዓም ልጁ ገመቺስ ከተወለደ ጀምሮ አባ ገመቺስ ነው።

«አስተካክለዋለሁ» አለ ቀነዓ።

«ለመሆኑ እኔ ልጅ የለኝም፤ ምን ልጻፍ?»

«አንተ መጀመሪያ አግባ!»

ሁሉም ሳቀ። ቀነዓ ጥያቄውን አላስተካከለውም። እንዲያውም መጫወቻ አደረገው። መግባት ያቃተው ሰው ሲመጣ መልሱን ከራሱ ኮምፒውተር ያይና «ልጅህንም ረሳኸው?» ብሎ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። የመምህራን ክፍሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል።

ያቺ ከኋላ የጠየቀችው መምህርት ዘርፈሽ ናት። ጉቴ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የልጇ ስም ሮብሳን ስለሆነ ሃዳ ሮብሳን ይሏታል። ከባሏ ከያደታ፣ ከልጇና ከታናሽ እህቷ ከናዝራዊት ጋር ትኖራለች። ናዝራዊትን ከሲሬ ከእናቷ ቤት አምጥታ የምታስተምራት እሷ ናት። የባሏ እህት ሊሊሴ ደግሞ የነቀምቴው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት።

ውጤት ማስገቢያው በሚዘጋበት ቀን ጉቴ ኔትወርክ ጠፋ። ዘርፈሽ ሚኒባስ ተሳፍራ ነቀምቴ መጣች።

«አካም ጂርታ፣ አባ ገመቺስ?» ስትል በኦሮምኛ ሰላም አለችው።

«ፈያ፣ ሃዳ ሮብሳን። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

የመምህራን ክፍሉ ሙሉ ነበር። ሁሉም ለማስገባት ይጠባበቃል። ሊሊሴ ከዘርፈሽ ወንበር ጎን ቆማ ስለ ሮብሳን ጉንፋን ትጠይቃታለች። ዘርፈሽ የይለፍ ቃሏን ሞከረች፤ አልሆነም። ጥያቄው ወጣ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ሊሊሴን አየቻት። ከዚያ «ሮብሳን» ብላ ጻፈች።

ሰርቨሯ አላውቅሽም አለች።

«እምቢ አለ?» አለ ቀነዓ ከጠረጴዛው ሳይነሳ።

«ተወው፤ ቤቴ ሄጄ እሞክረዋለሁ።»

«ዛሬ ይዘጋል እኮ። ቆይ፣ ልይልሽ።»

«አባ ገመቺስ፣ ተወው አልኩህ።»

አልሰማትም። ከፍቶታል። ሰዎቹም የለመዱትን ቀልድ እየጠበቁ ነው።

«ሃዳ ሮብሳን! አንቺም ልጅሽን ረሳሽ? ሮብሳን አላልሽም እኮ። ናዝራዊት ነው ያልሽው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሊሊሴ አልሳቀችም።

«ናዝራዊት? እህትሽ?»

ዘርፈሽ ወደ ቀነዓ ዞረች። «ማሽኑ ቀላቅሎት ነው» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ልመና ነበር። አዎ፣ ቀላቅሎታል ማለት ብቻ ይበቃል። ቀነዓ ግን የሰማው ስለ ሰርቨሯ የተነገረውን ነው። ርዕሰ መምህሩ በሁሉም ፊት አስጨብጭቦለታል፤ አሁን በሁሉም ፊት እንድትሰደብበት አልፈለገም።

«አይቀላቅልም» አለ። «አንቺ ራስሽ የጻፍሽው ነው። የጻፍሽበት ቀንም ሰዓትም አለ።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ገባው። ናዝራዊት ከሮብሳን ብዙ ትበልጣለች። ዘርፈሽ የወለደቻት ያደታን ከማግባቷ በፊት ነው ማለት ነው። ሁሉም በየልቡ ቆጠረው።

ዘርፈሽ ቦርሳዋን አነሳች። ቀነዓ ጠረጴዛ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ማንም አያየውም ብለህ ነበር» አለችው። «ሮብሳንን አገር ያውቀዋል። እሱን ብጽፍ ማን አይገባበትም? ደግሞ እውነቱን ጻፉ አልክ።»

ከመምህራኑ ሁሉ እውነትም የሆነ ሌላ ሰውም የማያውቀው መልስ የጻፈችው እሷ ብቻ ነበረች። ውጤቷን ሳታስገባ ወጣች።

በማግስቱ ቀነዓ መልሶቹን የማይነበቡ አደረጋቸው። ከምሳ በፊት ጨረሰው። ከመጀመሪያውም የሚፈጀው ይህንኑ ያህል ነበር።

በሳምንቱ ያደታ መጣ። ሊሊሴ ነግራዋለች። ቀነዓ ሊደበደብ ነው ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን በሩን ዘግቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ማሽንህ የአንዱን መልስ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል?»

አይችልም።

«ይችላል» አለ ቀነዓ።

«ያን ቀን አይቀላቅልም ብለሃል።»

«ተሳስቼ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት በኋላ ነው።»

ያደታ ትኩር ብሎ አየው። ያመነ ሰው አስተያየት አልነበረም። ዕቃ ገዝቶ ጉድለቱን እያወቀ የሚቀበል ሰው ይመስል ነበር።

«በሰው ፊት ትናገረዋለህ? እህቴም ባለችበት?»

«እናገራለሁ።»

ተናገረ። በቀጣዩ ስብሰባ ተነስቶ የመግቢያ ሰርቨሯ መልስ ከመልስ ታደባልቅ እንደነበር፣ የዘርፈሽ ቦታ ላይ የወጣውም የእሷ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አስረዳ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርድ ነበር። ይስማው ኮምፒውተር ስለሚያውቅ ውሸቱን ለየው፤ ጠረጴዛውን እያየ አሳለፈው። ሊሊሴ «እሺ» አለች። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልተወውም።

«መልስ የሚያደባልቅ ከሆነ ፈተናዬን ለማን ሲሰጥ ነበር?»

ወር ሳይሞላ የቀነዓ ሥራ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ሰውየው የቀነዓን ፕሮክሲ እንዳለ ትቶት ጥያቄውን ብቻ ሰረዘው። የተደባለቀ ነገር ፈልጎ አላገኘም። ለምን እንደሆነም አልጠየቀም። ቀነዓ አሁን ፕሪንተር ይጠግናል፣ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜም ይይዛል።

ዘርፈሽ ጉቴ ማስተማሯን አልተወችም። ናዝራዊትም እዚያው ቤት ናት። በዚያ ቤት ምን እንደተባባሉ ቀነዓ አያውቅም። መጠየቅ የሚችለው ሰውም የለም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ኮሪደር ላይ ተገናኙ። እሱ ፕሪንተር ታቅፏል። መንገድ ሊለቅላት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እሷ ግን ቆመች።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ቀነዓ» አለችው፤ በአማርኛ፣ በአንቱታ።

ገመቺስ ከተወለደ ወዲህ ከባልደረቦቹ አንድም ሰው በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም። እግዜር ይመስገን ለማለት አፉን ሲከፍት አልፋው ሄዳለች።